«ላሊበላ መጣ» ሲባል ማን መጣ?

አራት ኪሎ ያደገ ልጅ «ላሊበላ መጣ» ሲባል ሰምቶ፣ ከተማ እንዴት ይመጣል ብሎ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ቃሉ ሁለት ነገር ይጠራል። አንዱ ወሎ ያለው፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የሚገኙበት ከተማ ነው። ሌላው ገና ሳይነጋ ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያዜሙ ተጓዦች መጠሪያ ነው። ሐሚናም ይባላሉ።

ገጠር ሲዞሩ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ነው። አንዱ ግጥም ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። የአባወራውን ስም ቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ። የገዛ ስሙን በዜማ እየሰማ ማን ተኝቶ ይቀራል? እህል፣ ልብስ ወይም ገንዘብ ሲሰጣቸው መርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። ምርቃቱ ረጅም ነው፤ እኔ ከዜማው ይልቅ እሱን እወዳለሁ።

ከአዝማሪ ጋር አይምታታባችሁ። አዝማሪ ማሲንቆ ይዞ ሰርግ ላይ ወይም ማታ ጠጅ ቤት ይጫወታል። የላሊበላ መሣሪያ ድምፁ ብቻ ነው።

«ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል» የሚባለው ግን የቆየ እምነት ነው። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፣ በዘር አይወረስም፣ በመድኃኒት ይድናል። እባካችሁ ለልጆቻችሁ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው።