ፋዮስ ምንድን ነው? ክሩ ያለፈበት ቤትና የታለፈ ቤት

በኒው ዮርክ ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ ኪራዩና ስለ መኪና ማቆሚያው ጠይቆ ሲያበቃ "ፋዮስ ገብቷል?" ቢል የሚገርመው የለም። አንዳንዴ የሚያገኘው መልስ "ከመንገዱ ማዶ ገብቷል፣ እዚህ ግን ገና ነው" የሚል ነው። አንዱ ቤት አግኝቶ ጎረቤቱ ለምን እንዳጣ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ፋዮስ ቬራይዞን የተባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ለመኖሪያ ቤቶች የሚሸጠው የኢንተርኔት፣ የቴሌቪዥንና የስልክ አገልግሎት ነው። ሦስቱም ከፀጉር ብዙም በማትወፍር አንዲት የመስታወት ክር፣ በብርሃን ተጭነው ቤት ይገባሉ። ስሙ "የፋይበር ኦፕቲክ አገልግሎት" ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ተቆራርጦ የተሠራ ነው፤ በአይሪሽ ቋንቋ በዚያው ፊደል የሚጻፍ ቃል "ዕውቀት" ማለት መሆኑን የሚያነሱም አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይበር፣ ማለት የመስታወቱ ክር ራሱ፣ ፋዮስ ሲጀመር አዲስ ነገር አልነበረም። ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ኩባንያ ብርሃንን ሩቅ የሚያደርስ ክር የሠራው በ1970 ነው። በ1980ዎቹ የስልክ ኩባንያዎች ከከተማ ከተማ የሚሄዱ መስመሮቻቸውን ወደ ፋይበር መለወጥ ጀምረው ነበር። የመዳብ ሽቦ የቀረው መጨረሻ ላይ፣ ከስልክ ጣቢያው እስከ ሰው ሳሎን ባለው መንገድ ነው። ምክንያቱም ሒሳብ ነው። በከተሞች መካከል የተዘረጋን መስመር ብዙ ሺህ ደንበኞች ይካፈሉታል፤ ከጎዳና ተነስቶ ወደ አንድ ግቢ የሚገባውን ሃያና ሠላሳ ሜትር ግን የዚያ ቤት ወርሃዊ ሒሳብ ብቻ ነው የሚመልሰው። ያ ቤት ደንበኛ ካልሆነ ደግሞ ምንም አይመልስም።

ቬራይዞን በ2000 ከቤል አትላንቲክና ከጂቲኢ ውህደት ሲወለድ የወረሰው ሀብት ይኸው መዳብ ነበር። ሀብቱ ግን እየከዳው ነበር። ሰው የቤት ስልኩን እየዘጋ ወደ ሞባይል ይሄዳል፤ ኮምካስት፣ ኬብልቪዥንና ሌሎቹ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ደግሞ በራሳቸው ሽቦ ኢንተርኔት መሸጥ ጀምረው ወደ ስልኩም እጃቸውን እየዘረጉ ነበር። በመዳብ የሚመጣው ዲኤስኤል በዚያን ጊዜ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ገደማ ነበር የሚሰጠው፤ ያውም ቤቱ ከስልክ ጣቢያው ካልራቀ ነው።

ሁለት ነገር ተገጣጠመ። በ2003 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን አንድ ኩባንያ እስከ ቤት ድረስ አዲስ ፋይበር ቢዘረጋ፣ እንደ መዳቡ በመንግሥት በተተመነ ዋጋ ለተፎካካሪዎቹ የማከራየት ግዴታ እንደማይኖርበት ወሰነ። ዘርግቶ ለባላንጣ ማካፈል የሚለው ፍርሃት በዚያ ተነሳ። ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው። የቬራይዞን የያኔው ሥራ አስፈጻሚ ኢቫን ሳይደንበርግ በ1966 ሥራ የጀመረው በኒው ዮርክ የስልክ ኩባንያ ኬብል የሚቀጥል ባለሙያ ረዳት ሆኖ ነው። ሽቦ በእጁ ሲቀጥል የኖረ ሰው ሽቦው እንዳበቃለት ቢናገር ያምርበታል።

ሌሎቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ማቆምን መርጠዋል። ኋላ ኤቲ ኤንድ ቲ የሚለውን ስም የወሰደው ኤስቢሲ ፋይበሩን እስከ ሰፈሩ ሣጥን አድርሶ ከዚያ ወዲያ በነባሩ መዳብ ቀጠለ፤ ዩቨርስ ያለው አገልግሎቱ በዚህ መልክ ነው የተወለደው። ለጊዜው ርካሽ ነበር። ቬራይዞን ግን እስከ ግድግዳው እዘልቃለሁ አለ።

መጀመሪያ የተመረጠችው ከፎርት ዎርዝ በስተሰሜን የምትገኘው ኬለር የምትባል የቴክሳስ ከተማ ናት። በ2004 ኢንተርኔቱ እዚያ ለሽያጭ ቀረበ፤ 5 ሜጋ ቢት በወር 40 ዶላር ገደማ፣ 15 ሜጋ ቢት ደግሞ 50 ዶላር ገደማ። ለሚከፍል 30 ሜጋ ቢትም ነበረ። ቴሌቪዥኑ በዚያችው ከተማ መስከረም 22 ቀን 2005 ተከፈተ።

አሁን ክሯን ተከትለን ወደ ቤት እንግባ። ከስልክ ጣቢያው የምትነሳው አንዲት ክር ሰፈር ስትደርስ ስፕሊተር በሚባል ዕቃ ውስጥ ታልፋለች። ስፕሊተር ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ብርሃንን የሚከፋፍል መስታወት ነው፤ አንዷን ክር እስከ 32 ቤት ያደርሳታል። ወደ ቤት የሚመጣው መልእክት ለሁሉም ቤቶች እኩል ይደርሳል፤ ሆኖም የተመሰጠረ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ብቻ ይፈታል። ከቤት ወደ ጣቢያ የሚሄደው ግን እንዲህ አይሆንም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ብርሃኑ ይደባለቃል። ስለዚህ ጣቢያው ለእያንዳንዱ ቤት ተራ ይሰጣል፤ ተራው በጣም አጭር ስለሆነ ሰው መጠበቁን አያውቀውም።

በዚያችው ክር ላይ ሦስት ዓይነት ብርሃን ሳይነካካ ይጓዛል። በመጀመሪያው ንድፍ የሚወርደው ኢንተርኔት በ1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት፣ የሚወጣው በ1310፣ መደበኛው ቴሌቪዥን ደግሞ በ1550 ነው። ሦስቱም ለዓይን አይታዩም። የቴሌቪዥኑ ብርሃን የተሸከመው እንደ ኬብል ኩባንያዎቹ ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ ነው። እኔ ከሁሉ ብልህ የምለው ይህን ነው፤ ቴሌቪዥኑ የራሱ መንገድ ስላለው ቤተሰቡ ሁሉ ኳስ ቢያይ ኢንተርኔቱ አይጎተትም።

ባለሙያው ቤት ሲመጣ በውጭው ግድግዳ ወይም በጋራዡ ውስጥ ኦኤንቲ የሚባል ሣጥን ይሰቅላል። ብርሃኑ እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሪክ ነው። ሣጥኑ ለነባሩ የስልክ መስመር የስልክ ድምፅ ይሰጣል፣ ለነባሩ የቴሌቪዥን ኬብል ደግሞ ምስልም ኢንተርኔትም ይለቃል። ግድግዳ እየበሱ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ድሮ የኬብል ኩባንያው ራሱ ቤት ውስጥ የዘረጋው ሽቦ ለተፎካካሪው አገልግሎት ዋለ።

አጠገቡ ባትሪ ያለው ሌላ ሣጥን ይሰቀላል። የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይደውላል። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ባትሪው ስልኩን ለስምንት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ብዙ ደንበኞችን ያስቆጣው ሌላ ነገርም ነበር፤ ፋዮስን ያስገቡ ቤቶች ነባሩ የመዳብ መስመራቸው ተቆርጦ አገኙት። ሐሳባቸውን ቀይረው ወደ ርካሹ ዲኤስኤል መመለስ ቢፈልጉ መንገዱ የለም። ኩባንያው ሁለት መስመር ጎን ለጎን ማስጠገን ኪሳራ ነው የሚል ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን ሳይጠይቁ መቁረጥ ሌላ ነገር ነው።

ዎል ስትሪት በዕቅዱ ደስተኛ አልነበረም። በ2006 ቬራይዞን እስከ 2010 ድረስ 23 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ በ18 ሚሊዮን ቤቶች ደጃፍ ፋይበር እንደሚያሳልፍ አስታወቀ። በደጃፍ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ሌላ ወጪ ነው።

"ማሳለፍ" የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በሙያው ቋንቋ ክሩ በደጁ ያለፈ፣ ደንበኛ ለመሆን የሚችል ቤት "የታለፈ ቤት" ይባላል። ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው የሚኮሩበት ቁጥር ነው። በአማርኛችን "የታለፈ" ስንል የተዘለለውን፣ የቀረውን ማለታችንም ነው። የፋዮስን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ትርጉም ትክክል ነው።

ቴሌቪዥን ለመሸጥ የየማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በብዙ መቶ ከተሞች፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይደራደራል። ቬራይዞን ለክልል መንግሥታት አቤት አለና ቴክሳስ በመስከረም 2005 በአንድ ፈቃድ ግዛቱን ሁሉ የሚያዳርስ ሕግ አወጣች፤ ኒው ጀርሲም በ2006 የራሷን አወጣች። የአፓርታማ ሕንፃዎችስ? እዚያ ሌላ ችግር ገጠመ፤ ተራ የመስታወት ክር በጠባብ ማዕዘን ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል፣ የሕንፃ ኮሪደር ደግሞ ማዕዘን በማዕዘን ነው። ኮርኒንግ በ2007 ቢታጠፍም ብርሃን የማያፈስ ክር ይዞ ቀረበ።

በ2010 ቬራይዞን ወደ አዳዲስ ከተሞች መስፋፋቱን አቆመ። የተፈራረመበትን ይጨርሳል፣ አዲስ ግን የለም። ገንዘቡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ተከፈተው የ4ጂ ሞባይል ኔትወርክ ዞረ፤ ለሞባይል የሰው ግቢ አይቆፈርም። በዓመቱ መጨረሻ ፋዮስ ወደ 4.1 ሚሊዮን የኢንተርኔትና 3.5 ሚሊዮን የቴሌቪዥን ደንበኞች ነበሩት። ቦስተን፣ ባልቲሞርና አሌክሳንድሪያ ከውጭ ቀሩ። ዙሪያቸው ያሉ ትናንሽ ከተሞች ፋዮስ ነበራቸው፤ መሐል ከተማው አልነበረውም። በግል ግቢ ተለያይቶ የሚኖር፣ ለሦስቱም አገልግሎት ባንድ ላይ የሚከፍል ቤተሰብ የት እንደሚበዛ የሚያውቅ ሰው ካርታውን ሳያይ ሊገምተው ይችላል። ቦስተን ተራ የደረሳት በ2016 ነው፤ ያኔ ኩባንያው በስድስት ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተናገረ።

ኒው ዮርክ ከተማ ግን ቀደም ብላ ውል ይዛ ነበር። በ2008 የተፈረመው ስምምነት እስከ 2014 አጋማሽ በከተማዋ ባሉ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ክሩ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ቀኑ ደረሰ። ኩባንያው "ፈጽሜያለሁ" አለ። ከተማዋ በ2015 ባደረገችው ኦዲት "አልፈጸምክም" አለች። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ያችው ቃል ላይ ወደቀ፤ አንድ ቤት ታልፏል የሚባለው ክሩ በራሱ በር ፊት ሲዘረጋ ነው ወይስ በአቅራቢያው ባለ ጎዳና ሲደርስ? ኩባንያው ወደ ሕንፃቸው የማያስገቡትን አከራዮች ይወቅስ ነበር። ከተማዋ በ2017 ከሰሰች፤ በ2020 ኅዳር ላይ ታረቁ፤ ኩባንያው እስከ 2023 ተጨማሪ 500,000 ቤቶችን ለማዳረስ ተስማማ።

በዚህ መካከል መስታወቱን ከማንም ማስታወቂያ በላይ ያስመሰከረለት ጎርፍ ነው። በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል የታችኛውን ማንሃተን ሲያጥለቀልቅ የባሕር ውኃ ከመሬት በታች ባሉ የስልክ ኬብሎች ውስጥ ገባ። ጨው የነካው መዳብ ተበላሸ። ቬራይዞን እሱን ከመጠገን ይልቅ አካባቢውን በፋይበር ተካው።

የተቀበረው ክር ሳይነካ ፍጥነቱ እያደገ መሄዱ ደግሞ የሳይደንበርግን ውርርድ የሚያረጋግጥ ይመስለኛል። መጀመሪያ 32 ቤቶች 622 ሜጋ ቢት ይካፈሉ ነበር፤ ቀጣዩ ቴክኖሎጂ ሲመጣ የሚካፈሉት ወደ 2.4 ጊጋ ቢት አደገ፤ የተለወጠው በጣቢያውና በግድግዳው ላይ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። በ2014 ክረምት ማውረጃና መጫኛው እኩል ሆነ፤ የኬብል ኩባንያዎች በሽቦአቸው ምክንያት በቀላሉ ሊከተሉት ያልቻሉት ይህን ነው። በ2017 ወደ አንድ ጊጋ ቢት የሚጠጋ ጥቅል ተሸጠ፤ በ2022 ሁለት ጊጋ ቢት።

ቴሌቪዥኑ ግን በተቃራኒው ሄደ። ያ ሁሉ የፈቃድ ድርድር የተደረገለት፣ የራሱ ብርሃን የተመደበለት ቴሌቪዥን ሰው ወደ ኔትፍሊክስና ወደ መሰሎቹ ሲዞር ደንበኛው እየሳሳ መጣ። በ2019 ቬራይዞን ራሱ ለፋዮስ ደንበኞቹ ዩቲዩብ ቲቪን ማቅረብ ጀመረ።

ኬለርስ? በ2010 ቬራይዞን በ14 ግዛቶች ያሉ የስልክ መስመሮቹን፣ አንዳንድ የፋዮስ ከተሞችን ጨምሮ፣ ፍሮንቲየር ለተባለ ኩባንያ ሸጦ ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ደግሞ ካሊፎርኒያን፣ ፍሎሪዳንና ቴክሳስን በ10.54 ቢሊዮን ዶላር ደገመለት፤ ፋዮስ የተወለደባት ከተማም አብራ ሄደች። ፍሮንቲየር በ2020 ኪሳራ አውጆ በ2021 ዕዳውን አቃልሎ ተመለሰና ፋይበር መዘርጋቱን ቀጠለ። በመስከረም 2024 ቬራይዞን ፍሮንቲየርን ዕዳውን ጨምሮ በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። በኬለር ጓሮዎች ከሃያ ዓመት በፊት ራሱ የቀበራት ክርም ከሚገዛው ንብረት ውስጥ ነበረች።