በእንፋሎት የሚበር መኪና መሳል

ስቲምፓንክ የሚባለው የሥነ ጥበብ ዘይቤ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። ዓለም ቤንዚን ባታውቅና በእንፋሎት ብቻ ብትቀጥል ኖሮ ማሽኖቿ ምን ይመስሉ ነበር? ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መልኩ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ነሐስ፣ መዳብ፣ ቆዳ፣ እንጨትና ጭስ። ሠዓሊዎች ደጋግመው ከሚሞክሯቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የሚበር መኪና ነው።

የሚገርመው፣ ነገሩ ራሱ የተጀመረው በሥዕል ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሰን በ1842 የእንፋሎት አውሮፕላን ነድፎ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ስሙ «የአየር የእንፋሎት ሠረገላ» ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 46 ሜትር ገደማ ይሆናል ተባለ። እሱና ባልደረባው ጆን ስትሪንግፌሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለማግኘት ሥዕሎች አሳተሙ። ማሽኑ በግብፅ ፒራሚዶች ላይ ሲያልፍ የሚያሳይ ሁሉ አለ። በሙሉ መጠኑ ግን ጭራሽ አልተሠራም። ዛሬ ስቲምፓንክ የሚስል ሰው ሥራውን የሚቀጥለው እነዚያ ሥዕሎች ካቆሙበት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመሳል በፊት በእውነት የተሠሩትን ማየት ይጠቅማል። ፓሪስ የሚገኘው የጥበባትና የሙያዎች ሙዚየም ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። አንዱ ኒኮላ ኩኞ በ1770 አካባቢ የሠራው ባለሦስት ጎማ የእንፋሎት ጋሪ ነው። ውሃው የሚፈላበት ቦይለሩ እንደ ትልቅ ድስት ከፊት ጎማው ቀድሞ ተንጠልጥሏል። አንዴ ያየው ሰው ክብደቱ ወደ ፊት ሲጎትት ይሰማዋል። ሌላው በ1897 የተሞከረው የክሌማን አዴር አውሮፕላን ነው። ክንፉ የሌሊት ወፍ ክንፍ ነው፤ የፕሮፔለሮቹ ምላሶች ላባ ይመስላሉ። አዴር ከዚያ በፊት፣ በ1890፣ በሌላ የእንፋሎት ማሽኑ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነስቶ 50 ሜትር ገደማ ተጉዟል። ሂራም ማክሲም ደግሞ በ1894 ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን ግዙፍ ማሽን በሐዲድ ላይ አስሮጠ። ማሽኑ ከመጠን በላይ እንዳይነሳ የተሠራለትን መከላከያ ሰብሮ ተነሳና ተበላሸ።

ለዚህ ሥዕል ከሁሉም የሚቀርበው ግን የሩማንያ ተወላጁ ትራያን ቩያ ሥራ ነው። በአራት ጎማ የሚሄድ፣ ክንፉ የሚታጠፍ ማሽን ሠራ። እሱ ራሱ «አውሮፕላን መኪና» ይለው ነበር። በመጋቢት 1906 በፓሪስ አቅራቢያ 12 ሜትር ያህል በረረ፤ ከፍታው አንድ ሜትር ገደማ ነበር። ሞተሩ የሚሠራው በውሃ ሳይሆን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ለሠዓሊ ትልቁ ስጦታ መታጠፊያው ነው። ክንፍ መንገድ ላይ የት ይሄዳል? ብዙ ሥዕሎች ይህን ሳይመልሱ ያልፋሉ። የግሌን ከርቲስ የ1917 «አውቶፕሌን» ሦስት ክንፍ ደርቦ መኪና ላይ ጫነ፤ ከአጭር ዝላይ አላለፈም። የማርሴል ሌያ መኪና መብረር አይችልም፤ ግን በፕሮፔለር እየተነዳ መንገድ ላይ ይሄድ ነበር። መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን ነው።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የጀማሪ ችግር ማርሽ፣ ማለትም ባለጥርስ ጎማ፣ ማብዛት ነው። ማርሽ ጌጥ አይደለም። ከሌላ ማርሽ ጋር ካልተጠላለፈ ሥራ ፈት ነው። ጣትህን ምድጃው ላይ አድርግና መስመሩን ተከተል፤ ከእሳቱ ወደ ቦይለሩ፣ ከቦይለሩ ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ፕሮፔለሩ። የሆነ ቦታ ከተቋረጠ ሥዕሉ ገና አላለቀም። ቀጥሎ ክብደቱን አስብ። ውሃና ከሰል ከባድ ናቸው። ቦይለሩን ከክንፉ ሥር አስጠጋው፤ ጅራት ላይ ከሰቀልከው ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አይዋጥለትም። ጭስ ማውጫውንም ከክንፉ ሸራ አርቀው፤ ፍንጣሪ ሸራ ያቃጥላል።

እንፋሎት ሰው ይዞ መብረር ይችላል ወይ ለሚል፣ አዎ። የቤስለር ወንድማማቾች በ1933 ካሊፎርኒያ ውስጥ በእንፋሎት ሞተር አውሮፕላን አብርረዋል።

የመጨረሻው ሥራ ቀለሙና ብረቱ ነው። ነሐስ ላይ ብርሃኑ ቀጭንና ስለታም ይሁን። መዳቡን እሳቱ አጠገብ አጥቁረው። ብረቱን የሚያያይዙት የሚስማር ራሶች ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ክብ ቦይለር ላይ እኩል አራርቀህ ከደረደርካቸው ብረቱ ጠፍጣፋ ይሆንብሃል። ፊት ለፊት ያሉትን አራርቃቸው፣ ወደ ጎን ሲዞሩ እያቀራረብካቸው ሂድ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ሊነካኩ ምንም አይቅራቸው። ያኔ ቦይለሩ ከወረቀቱ ብድግ ይላል።