ፈንዲሻ ያለ ዘይት፦ የሞቃት አየር ማሽን በቤት ውስጥ

ፈንዲሻ ለመፈንዳት ዘይት የግድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሙቀት ብቻ ነው። ድስት ውስጥ የምንጨምረው ዘይት ዋና ሥራው ሙቀቱን ለፍሬው እኩል ማዳረስ ነው። ይህን ሥራ አየር ከሠራው ዘይቱን መተው ይቻላል። በሞቃት አየር የሚሠራው የፈንዲሻ ማሽን ጠቅላላ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

የፈንዲሻ ማሽን በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የቺካጎው ቻርልስ ክሬተርስ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1893 በከተማው በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳይቷል። የእሱ ማሽን ግን የሚያፈነዳው በቅባት ነበር። ዘይት የማይነካው ትንሹ የቤት ማሽን የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው።

ማሽኑን ከመረዳት በፊት ፍሬውን መረዳት ይሻላል። የፈንዲሻ በቆሎ ከሌላው በቆሎ የሚለየው በሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ጠንካራና እንፋሎት የማያሳልፍ ነው። ውስጡ ስታርችና ጥቂት ውሃ አለ፤ ውሃው ከፍሬው ክብደት 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ፍሬው ሲግል ውሃው ወደ እንፋሎት ይቀየርና መውጫ ያጣል። ስታርቹም ይለሰልሳል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሽፋኑ ግፊቱን መቋቋም ያቅተውና ይቀደዳል። የለሰለሰው ስታርች በቅጽበት እንደ አረፋ ይነፋል፤ እዚያው ቀዝቅዞም ይደርቃል። የምንበላው ነጭ ነገር ይህ የደረቀ አረፋ ነው።

ማሽኑ ውስጥ የማሞቂያ ሽቦና አየር የሚገፋ ፋን አለ። ሲበራ ፍሬዎቹ በጉድጓዱ ውስጥ እየተንኳኩ መሽከርከር ይጀምራሉ። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ አንዱ ጧ ይላል። ሌላው ይከተላል። ወዲያው መቁጠር እስኪያቅት ድረስ ይንጣጣሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው ነገር ነው። የፈነዳው ቀላል ስለሆነ አየሩ ያነሳውና በማሽኑ አፍ ገፍቶ ሳህን ውስጥ ይጥለዋል። ያልፈነዳው ከባድ ስለሆነ እዚያው ሙቀቱ ላይ ይቀራል። ያለ ወንፊት፣ ያለ ማማሰያ፣ በክብደት ብቻ ይበጠራል ማለት ነው። የማረር ዕድሉም የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ የበሰለው እሳቱ ላይ አይቆይም።

በእርግጥ አንዳንድ ያልፈነዳ ፍሬም አብሮ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ሰፊና ጎድጓዳ ሳህን ከአፉ ሥር ማስጠጋት ይበጃል። ግማሽ ኩባያ ጥሬ ትልቅ ሳህን ስለሚሞላ ከማሽኑ መስፈሪያ በላይ መጨመር ጥቅም የለውም። ሲበዛ ፍሬው በደንብ መሽከርከር ያቅተዋል።

ብዙ ሰው ፍሬው አልፈነዳ ሲለው ማሽኑን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእርጥበት ነው። ክፍት ተትቶ የከረመ ፍሬ ውሃውን ያጣል፤ ውሃ ከሌለ እንፋሎት የለም፣ እንፋሎት ከሌለ ደግሞ የሚፈነዳ ነገር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት ኩባያ ፍሬ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ መጨመር፣ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያ እየነቀነቁ ለጥቂት ቀናት ማቆየት። ከመጣልዎ በፊት ይሞክሩት።

ወደ ጤናው እንምጣ። ፈንዲሻ ሽፋኑ ያልተገፈፈ ሙሉ እህል ነው፤ ስለዚህ ፋይበሩ አብሮት አለ። በአየር የፈነዳ አንድ ኩባያ ፈንዲሻ 31 ካሎሪ ገደማ አለው። ሦስት ኩባያ ቢበሉ እንኳ 100 ካሎሪ አይሞላም፤ ፋይበሩ ደግሞ ከ3 ግራም ያልፋል። በክብደት ሲታይ 100 ግራሙ 390 ካሎሪ አካባቢ ሲሆን፣ በዘይት የፈነዳው ወደ 500 ይጠጋል። ነገር ግን ማሽኑ ብቻውን ጤና አይሰጥም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሦስቱ ኩባያ ላይ ሲፈስ ካሎሪው እጥፍ ይሆናል። ለእኔ የማሽኑ ትልቁ ጥቅም ምርጫውን ለባለቤቱ መተዉ ነው። ታሽጎ በሚሸጠው የማይክሮዌቭ ፈንዲሻ ጨውና ቅባቱን የወሰነው ፋብሪካው ነው፤ እዚህ ግን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ጨው አለመያዙ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ደረቅ ስለሆነ ጨዉ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይከማቻል። ጨዉን እንደ ዱቄት አድቅቆ፣ ፈንዲሻው ገና ትኩስ ሳለ መነስነስ ይረዳል። ካልበቃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በመርጫ እያዳረሱ መንፋት ነው። በውሃ የሚረጩም አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ውሃ የነካው ቶሎ ይኮሰምናል። ቁንዶ በርበሬ ወይም የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ሲጨመርበት ብዙ ጨው አይፈልግም።

ዘይት፣ ቅቤና ስኳር በጭራሽ ማሽኑ ውስጥ አይግቡ። ወደ ማሞቂያው ሽቦ ወርደው ይጨሳሉ፣ እሳትም ሊያስነሱ ይችላሉ። ደጋግመው ሲያፈነዱ በየመሀሉ ማሽኑን ያቀዝቅዙት። ፈንዲሻ ትንታ ስለሚያስከትል ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይሰጥም፤ ይህ ቀልድ የለውም።

ከተረፈ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። ትኩሱን ከከደኑት በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ለስልሶ ካገኙት ለብ ባለ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ዘርግተው ቢያስገቡት እንደገና ኩርሽምሽም ይላል።