የአማተር ሬዲዮ ማማና አንቴና በጎጃም ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን በግል ፍላጎት ከሌሎች ጋር በሬዲዮ መገናኘት ነው። የዚህ ሬዲዮ ማማ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ብረቱ ርዝመትና ስለ መብረቅ ነው። ጎጃም ላይ ግን ማማን የሚያጋድሉት ክረምት የጠገበ ዋልካ፣ ከታች የበሰበሰ ባሕር ዛፍና ኬብል ውስጥ ሰርጎ የገባ ውኃ ናቸው። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋው ደግሞ በግቢው አጠገብ የሚያልፈው የመብራት መስመር ነው። ወደ ብረቱ ከመግባታችን በፊት፦ ለማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ጣቢያው በአየር ላይ የሚታወቅበት የአገራችን የጥሪ ምልክትም «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል።

«አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ማንን ለማግኘት? ይህ ሳይመለስ ብረት አይገዛም።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር መስመር 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሀል ላይ ጮቄ ተገትሯል፣ ከዚያም የዓባይ ሸለቆ አለ። ይህን ርቀት በቀን በ7 ሜጋኸርዝ ለመሸፈን ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር (የሬዲዮ ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው የአየር ንብርብር) ነጥሮ መመለስ አለበት። ለዚህ ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሜትር የተሰቀለ ዳይፖል፣ ማለትም ኬብሉ መሀሉ ላይ የሚገናኝ ባለ ሁለት እኩል ክንፍ የሽቦ አንቴና ይበቃል። ያንኑ ሽቦ 20 ሜትር ላይ የሰቀለ ሰው ጉልበቱን ከራሱ በላይ ቀንሶ ወደ አድማስ ስለላከው፣ ሩቅ አገር እየሰማው አዲስ አበባ ላይ ይደክምበታል። ሩቁን ለሚፈልግ 14 ሜጋኸርዝ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሽቦው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ ጉልበቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያደላል።

የሽቦውን ርዝመት ለማግኘት 142.5ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር፣ ማለትም በየጎኑ 10 ሜትር ይወጣል። ሲጀመር በየጎኑ 10.3 ሜትር ይቆረጥና ተሰቅሎ ይለካል። ከዚያ ከሁለቱም ጎን እኩል እየተቀነሰ ይስተካከላል፤ ከየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ አንቴናውን ወደ 70 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ያደርገዋል። አንድ ምሰሶ ብቻ ላለው፣ መሀሉ 8 ሜትር ላይ ታስሮ ሁለቱ ክንፎች ወደ ታች ይዘረጋሉ። ጫፎቹ ከ2.5 ሜትር በታች መውረድ የለባቸውም፤ ሲሰራጭ ቮልቴጁ የሚበረታው ጫፍ ላይ ስለሆነ የነካውን ሰውም ከብትም ያቃጥላል።

በ145 ሜጋኸርዝ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ወሳኙ መተያየት ነው። የሬዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር ማለት 4.12 ሲባዛ በከፍታው (በሜትር) ካሬ ሥር ነው። 9 ሜትር ላይ ያለ አንቴና 12 ኪሎ ሜትር ያያል፣ 18 ሜትር ላይ ያለው 17። ብረቱ እጥፍ ሆኖ የተገኘው 5 ኪሎ ሜትር ነው። ደጀንና ጎሃ ጽዮን በዓባይ ሸለቆ ሁለት ጠርዞች ላይ ተቀምጠው ስለሚተያዩ፣ መኪና በዚያ ቁልቁለትና ዳገት ሲጠመዘዝ ጊዜ የሚፈጅበትን መንገድ ጣሪያ ላይ ያለች የ49 ሳንቲ ሜትር የአንቴና ዘንግ በጥቂት ዋት ትሻገረዋለች። ሸለቆው ውስጥ የገባ ግን 20 ሜትር ብረት ቢያቆምም ያው ገደሉን ነው የሚያየው። ለማማ የተመደበው ገንዘብ አንዳንዴ ጉብታ ላይ ላለ ዘመድ ቤት አንድ ምሰሶ ቢተከልበት የተሻለ ይሠራል።

«ኬብል ያው ኬብል ነው»

30 ሜትር አርጂ-58 የተባለ ቀጭን ኬብል በ145 ሜጋኸርዝ 6 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ ከሬዲዮው የወጣው 10 ዋት አንቴናው ጋ ሲደርስ ሁለት ተኩል ዋት ግድም ይሆናል። ወፍራሙ አርጂ-213 በዚያው ርዝመት ግማሽ ያህሉን ያደርሳል። በ7 ሜጋኸርዝ ግን ልዩነቱ እምብዛም ስለሆነ ቀጭኑ ኬብል አያሳፍርም።

ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ውጭ ያለ ኮኔክተር በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ሙጫው በፀሐይ ይቀልጥና ውኃው በኬብሉ ውስጥ እየተሳበ ሬዲዮው ድረስ ይወርዳል። መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ተለጥጦ ይጠቀለላል፣ ናስትሮው ከላይ ይደረብበታል። አጠቀላለሉ እንደ ሣር ክዳን ነው፦ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው ዙር የታችኛውን እንዲከድን። ኬብሉ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ይውጣ፤ ጠብታው እዚያ እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል።

«ኤስደብሊውአር አንድ ለአንድ ከሆነ አንቴናው ጥሩ ነው»

ኤስደብሊውአር ከአንቴናው በኬብሉ ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ጉልበት የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ አንድ ለአንድ ማለት ምንም አልተመለሰም ማለት ነው። 50 ኦም ተቃዋሚ (ሬዚስተር) ከኬብሉ ጫፍ ቢታሰርም አንድ ለአንድ ያሳያል፤ አንድም ሰው ግን አይሰማችሁም። ውኃ የገባበት ኬብል ጉልበቱን በሄደበትም በተመለሰበትም ስለሚውጥ ሜትሩ ላይ ቆንጆ ቁጥር ያወጣል። ምንም ሳይነካ በክረምት ቁጥሩ በድንገት «የተሻሻለ» አንቴና መፈተሽ አለበት፤ ኮኔክተሩ ሲቆረጥ የኬብሉ የመዳብ ሽሩብ ቡናማ ሆኖ ይገኛል።

«ፌሮ በመዶሻ መትቶ ወጣሪ ሽቦ ማሰር ይበቃል»

በየካቲት ይበቃል። ያን ጊዜ ዋልካ እንደ ድንጋይ ስለሆነ 80 ሳንቲ ሜትር የገባ ፌሮ ሁለት ሰው ቢጎትተው አይነቃነቅም። በነሐሴ ያው አፈር ይላቁጥና ፌሮው ከጭቃ እንደሚነቀል ካስማ ይመዘዛል፤ ነፋስ የሚያነሳ ዝናብ ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይሸማቀቃል፤ በላዩ የተቀመጠ ኮንክሪት አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ መልሕቁ፣ ማለትም ማማውን ከጎን የሚይዘው ወጣሪ መሬት ላይ የሚታሰርበት ኮንክሪት፣ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች ይወርዳል፦ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሜትር ጥልቀት፣ ዙሪያው ገረጋንቲ ተሞልቶ የተጠቀጠቀ። በቀይ አፈር 1 ሜትር ይበቃል።

ለ12 ሜትር ማማ ወጣሪው በሦስት አቅጣጫ፣ በ6 እና በ11 ሜትር ላይ በሁለት ደረጃ ይሁን፤ መልሕቁ ከማማው እግር 9 ሜትር ይራቅ። የላይኛው ሽቦ 14.2 ሜትር፣ የታችኛው 10.8 ሜትር ስለሚሆን በጠቅላላ 75 ሜትር፣ ከማጠፊያው ጋር 85 ሜትር ያህል ባለ 5 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ የብረት ገመድ ይገዛል። 6 ማወጠሪያ ቡሎንና በየጫፉ 3፣ በጠቅላላ 36 ክላምፕ ይጨመራል። የክላምፑ ኮርቻ ሸክሙን በሚይዘው ረጅሙ ገመድ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለበቱ ደግሞ ታጥፎ በተመለሰው አጭር ጫፍ ላይ። ተገልብጦ ከታሰረ ቀለበቱ ተሸካሚውን ገመድ ይቀጠቅጠዋል። ማወጠሪያው ከተጠበቀ በኋላ በመሀሉ ሽቦ ይለፍበት፤ ያለዚያ ነፋሱ ራሱ እያንቀጠቀጠ ይፈታዋል። ገመዱ ከመበጠሻ አቅሙ 10 በመቶ ያህል ይወጠር እንጂ እንደ ክራር ክር እስኪጮህ አይሳብ፤ ከልክ ያለፈ ውጥረት ማማውን ወደ ታች ይጫነዋል። የናይሎን ገመድ ለጊዜያዊ ሥራ ካልሆነ አይሆንም፣ የደጋው ፀሐይ ዱቄት ያደርገዋል። አጥር ላይ ወይም በነፋስ በሚወዛወዝ ዛፍ ላይ ማሰርም አይታሰብ።

የማማው እግር የቆመበት ኮንክሪት ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አናቱ ወደ ዳር አዘቅዝቆ ይለሰን። ቱቦ ብረት ከሆነ ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይበሳ፤ ያለዚያ ከውጭ ቀለሙ እያማረ ከውስጥ ይዝጋል። በያጁ የነካው ቦታ ጋልቫናይዙ ተቃጥሏልና ዚንክ ያለው ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ።

«ባሕር ዛፍ ለአንቴና አይሆንም»

ለሽቦ አንቴና ይሆናል፣ ጎጃም ላይ ደግሞ ከእሱ የረከሰ ቀጥ ያለ ምሰሶ የለም። ችግሩ መሬት የሚነካው ስንዝር ላይ ነው፤ ምስጥም ብስባሽም እዚያ ይጀምራሉ። ግንዱ ተልጦ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ወር ይድረቅ። ከተቻለ መሬት ሳይነካ፣ ኮንክሪት ውስጥ በቆሙ ሁለት ብረቶች መሀል በቡሎን ይያዝ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። በየዓመቱ የመሬት ወለሉ ላይ በጠመንጃ መፍቻ ይወጋ፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ችግር ከገባ ምሰሶው ይቀየር፣ ማንም እንዳይወጣበትም።

በቁሙ ያለ ዛፍ ላይ ሽቦውን አጥብቆ ያሰረ ሰው በመጀመሪያው ማዕበል ተበጥሶ ያገኘዋል። ገመዱ በመዘውር አልፎ ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቢንጠለጠል ዛፉ ሲወዛወዝ ጀሪካኑ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሽቦው ግን ይድናል።

«አንቴና መብረቅ ይጠራል» እና «ኧርዝ ካለ መብረቅ አይነካም»

ሁለቱም ሰዎች አብረው ይሳሳታሉ። 25 ሜትር ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ 8 ሜትር ምሰሶ ለሰማዩ አዲስ ነገር አይደለም። ገላጣ ኮረብታ ላይ ለብቻው የቆመ ማማ ግን በእርግጥ ይመታል፤ ያኔ ኧርዙ (ማማውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦና ዘንግ) መብረቁን አያስቀርም፣ መንገድ ይሰጠዋል እንጂ። ርቆ የወደቀ መብረቅ እንኳ በረጅም ሽቦ ላይ ሬዲዮ የሚያቃጥል ቮልቴጅ ያነሳሳል።

ባለ 2.4 ሜትር የመዳብ ልባስ ዘንግ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ይቀበራል፤ በመካከላቸው ከዘንጉ ርዝመት ያላነሰ ርቀት ይኑር። ቢያንስ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ሹል መታጠፊያ ሳይኖረው ወደ እነሱ ይወርዳል። መዳብ ከጋልቫናይዝድ ብረት ጋር በቀጥታ ከታሰረ ዚንኩ ይበላል፤ በመሀል የማይዝግ ብረት ይግባ። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የማማው ኧርዝ ከቤቱ የመብራት ኧርዝ ጋር መገናኘት እንዳለበት ነው። ለየብቻ ከቀሩ መብረቅ ሲወድቅ የአንዱ መሬት ከሌላው በብዙ ሺህ ቮልት ይለያያል፣ ልዩነቱም የሚታረቀው በሬዲዮው ውስጥ አልፎ ነው።

ጉድጓድ ውስጥ ጨውና ከሰል መጨመር መለኪያው ላይ ቁጥሩን ያሳምራል፤ ጨዉ ግን በክረምቱ ጎርፍ ይታጠባል፣ እስኪታጠብም ዘንጉን ይበላዋል። ተጨማሪ ዘንግ ይሻላል።

ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከተሰማ ደመናው 10 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ኬብል ለመንቀል መሮጥ አይገባም። ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ መንቀል ነው፣ የአንቴናውንም የመብራቱንም። የተነቀለው የአንቴና ኬብል ጫፍ ውጭ ኧርዝ ላይ ይቀመጥ። ጫፉን ብርጭቆ ውስጥ መክተት ከደመና አየሩን አቋርጦ የመጣን ብልጭታ አያቆምም።

«የመብራት ሽቦው ሩቅ ነው»

ርቀት በዓይን አይገመት። ማማው ከነአንቴናው 14 ሜትር ከሆነ ከማንኛውም የመብራት መስመር 21 ሜትር ይራቅ፣ ማለትም የቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ። በየከተማው የሚዘልቀው ባለ 15 ሺህ ቮልት መስመር ሽቦው ራቁቱን ነው። የሽቦ አንቴና ጫፍ ለመወርወርም በመብራት መስመር ላይ ገመድ ማሻገር ክልክል ነው።

«ጎበዝ ልጅ ይወጣል»

ጉብዝና ብረት አይይዝም። ሙሉ የአካል ቀበቶና ሁለት መያዣ ገመድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ተፈትቶ ወደ ላይ ሲሸጋገር ሌላው ታስሮ እንዲቆይ። ሰው ማማው ላይ እያለ ወጣሪ ሽቦ አይላላም፣ መሣሪያ ሁሉ በገመድ ይታሰራል፣ ከሥር የሚቆመውም የራስ ቁር ያደርጋል።

«የጎረቤትን ዲሽ ያበላሻል»

አልፎ አልፎ። ጎረቤት ጋ ችግሩ ከመጣ የዲሹ ኬብል ላይ ፌራይት ቀለበት (በኬብሉ ላይ የሚመጣውን የሬዲዮ ጉልበት የሚያፍን ቀለበት) ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በተቃራኒው የረከሰ አምፖል፣ የሶላር ቻርጀርና የወፍጮ ሞተር የእናንተን ጆሮ ሲያደነቁሩ ማየት የተለመደ ነው።

«አንዴ ከተተከለ አበቃ»

ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፦ ዝናቡ ሲያበቃ በጥቅምት፣ ነጎድጓዱ ሳይበረታ በሚያዝያ። በጥቅምት ኮኔክተር፣ ዝገትና የምሰሶው ሥር ይታያል፤ መሬቱ እየደረቀ ስለሚሰበሰብ የወጣሪዎቹ ውጥረትም ይስተካከላል። በሚያዝያ የኧርዙ ማሰሪያ ይጠበቃል፣ የኬብሉ ኤስደብሊውአር ይለካና ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ይጻፋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።