የሞተር ሳይክልና የስኩተር ካንዴላን ማሻሻል

ካንዴላ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ ነው። ለአንድ ብልጭታ ከአስር ሺህ ቮልት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ባለአራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚያቀጣጥል፣ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ድብልቁ በሰከንድ 50 ጊዜ ይቀጣጠላል። በብዙ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎች ላይ ካንዴላው ጭስ በሚወጣበት ምትም በከንቱ ይተኩሳል፤ ብልጭታው እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ባለሁለት ምት ስኩተር ደግሞ በየዙሩ ያቀጣጥላል። ቶሎ የሚያልቀው ወዶ አይደለም።

ነገሩ የቆየ ነው። ኤቲየን ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1860 የጋዝ ሞተሩን በብልጭታ አሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ (በሞተሩ ዙር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዕቃ) እና ካንዴላ አዋህዶ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ብዙም አልራቀም። ዛሬ «ማሻሻል» ሲባል በአብዛኛው የሚቀየረው የጫፉ ብረት ነው።

መደበኛው ካንዴላ በተለምዶ «የመዳብ» ይባላል። መዳቡ ግን ያለው ውስጡ ነው፤ ብልጭታ የሚዘልበት ጫፍ የኒኬል ቅይጥ ነው። ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ኒኬል በ1,455 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ፕላቲነም እስከ 1,768፣ ኢሪዲየም እስከ 2,446 ዲግሪ ይችላሉ። ስለዚህ የኢሪዲየም ጫፍ እስከ 0.6፣ አንዳንዴም እስከ 0.4 ሚሊሜትር ቢቀጥንም ቶሎ አይበላም። ጫፉ ሲቀጥን ብልጭታው በአነስተኛ ቮልት ይዘላል። አዲስ የተነሣውን እሳት ሙቀት የሚሰርቅ ብረትም ያንሳል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጠዋት ቶሎ መነሣት፣ ሞተሩ ሳይሄድ በዝግታ ሲዞር አለመንገጫገጭ፣ ባትሪው ወይም ኮይሉ (ቮልቱን የሚያሳድገው ዕቃ) ደከም ሲል እንኳ አለመሳት፣ ከሁሉም በላይ ዕድሜ። ጉልበት ከጠበቁ ግን አይድከሙ። ደህና በሆነ ሞተር ላይ የሚሰማ የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። «ኢሪዲየም ካስገባሁ በኋላ በረረች» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያወጣው ያለቀ ካንዴላ ነው፤ አዲስ ኒኬል ቢያስገባም ትበር ነበር። ባለሦስትና ባለአራት እግር (ብልጭታው ከመሐል ጫፉ የሚዘልበት የጎን ብረት) ካንዴላም እንዲሁ ነው፤ ብልጭታው በአንድ ጊዜ የሚዘለው ወደ አንዱ እግር ብቻ ነው። ዕድሜውም ቢሆን እንደ አሠራሩ ይለያያል። ኢሪዲየሙ መሐል ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነና የጎኑ እግር ተራ ኒኬል ከሆነ እግሩ ቀድሞ ይበላል። እግሩም ላይ ፕላቲነም ያለበት ብዙ ይቆያል።

ከብረቱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የሙቀት ደረጃው ነው፤ ሞተር የሚያበላሸው ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማልና። የካንዴላው ጫፍ በግምት ከ450 እስከ 850 ዲግሪ መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን አያጸዳም። ከዚያ በላይ ከሆነ ጫፉ እንደ ፍም ይግልና ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥላል። ይህ ሲቀጥል ፒስቶን እስከ መብሳት ይደርሳል። «ሙቅ» ካንዴላ ሙቀቱን ጫፉ ላይ ያቆያል፣ «ቀዝቃዛ» ደግሞ ቶሎ ወደ ሲሊንደሩ ራስ ያስተላልፋል። ቁጥሩ ግን በየአምራቹ ይገለባበጣል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ይሞቃል። የኤንጂኬ 7 ከዴንሶ 22 ጋር ይመጣጠናል። በትንንሽ ሞተር ሳይክሎችና ስኩተሮች ላይ የተለመደውን የኤንጂኬ ሲአር7ኤችኤስኤ (CR7HSA) እንይ። «ሲ» የ10 ሚሊሜትር ጥርስ (ካንዴላው የሚጠመዘዝበት ክፍል ስፋት)፣ «አር» ውስጡ ሬዚስተር እንዳለው፣ «7» የሙቀት ደረጃውን፣ «ኤች» የጥርሱን ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር ይናገራል። የኢሪዲየም አቻው ሲአር7ኤችአይኤክስ ነው። ሞተሩ ካልተሞረደና ካልተቀየረ ቁጥሩን ከመመሪያው አለማራቅ ይሻላል።

የጥርሱ ርዝመትም ቀልድ አይደለም። ከረዘመ ከፒስቶን ወይም ከቫልቭ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ካጠረ ባዶ የቀረው ጥርስ በጥላሸት ይሞላል። ሬዚስተሩ የሬዲዮና የኤሌክትሮኒክስ ሁከትን የሚያፍን ስለሆነ ኢንጄክሽን (ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሥርዓት) ያለው ሞተር ሳይክል ላይ እሱን የሌለው ካንዴላ መግጠም ሳያስቡት ችግር መጥራት ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ጥድፊያ ግን አይወድም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ በካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ በአየር ይነፋ። አዲሱ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይዙር፤ ከከበደ ጥርሱ ተዛንፏል፣ መልሶ ማውጣት ነው። ሮንዴላው (የካንዴላው ቀለበት) ከተቀመጠ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃል። የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ላለው ሰው የ10 ሚሊሜትሩ ከ10 እስከ 12፣ የ12ቱ ከ15 እስከ 20፣ የ14ቱ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። የአሉሚኒየም ጥርስ አንዴ ከተበላ የካንዴላው ዋጋ ትዝም አይልም። ጥርሱን ቅባት መቀባትም ሳይታወቅ ከመጠን በላይ ያስጠብቃል። ክፍተቱ በብዙዎቹ ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ሲሆን የሚስተካከለው የጎኑን እግር ብቻ በማጠፍ ነው። ቀጭኑን ኢሪዲየም መደገፊያ ማድረግ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ይሰብረዋል።

የወጣውን ካንዴላ ሳያዩ አይጣሉት። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ወይም የአየር ማጣሪያው መዘጋቱን፣ ቅባታማ ጥቁር ዘይት ወደ ውስጥ መግባቱን ይጠቁማል። ነጭና የተቋጠረ ከሆነ ሞቋል፤ ቤንዚን አንሷል ወይም ደረጃው ተሳስቷል። አዲሱም በጥቂት ቀናት ከጠቆረ ሌላ ካንዴላ ከመግዛት በፊት ካርቡሬተሩንና የፒስቶን ቀለበቶቹን ማስፈተሽ ይቀድማል።