ጦስኝ በደሴና በኮምቦልቻ

ጦስኝ በደጋ ገደላገደልና ግጦሽ ላይ በዱር የሚበቅል፣ ቅጠሉ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ መዓዛማ ተክል ነው። ቤተሰቡ ከበሶብላና ከናና ነው። በአገራችን ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ የአንደኛው ቅጠል ጠርዙ ልሙጥ ሲሆን የሌላው ጥቃቅን ጥርስ አለው። ልሙጡ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከ1837 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ እስከ ሞቱ በኢትዮጵያ እፅዋት ሲሰበስብ ከኖረው ጀርመናዊ ሺምፐር ነው።

ከ2,200 ሜትር በታች እምብዛም ስለማይገኝ ኮምቦልቻ ከላይ የወረደውን ትሸምታለች። የደቡብ ወሎ ውርጭ (ከደጋ በላይ ያለው ብርዳማ ከፍታ)፣ በተለይ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው የአምባ ፈሪት ተራራ አካባቢ፣ የጦስኝ አገር ነው። የውርጭ ጦስኝ ለሽታው አቻ የለውም።

ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ሲያብብ ነው። ከመሬት አራት ጣት ያህል፣ አረንጓዴ ቅጠል አስቀርቶ በማጭድ ይታጨዳል። ግንዱ ድረስ የተላጨ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ከነሥሩ የተነቀለ ደግሞ አፈር ይዞ ይመጣል፣ ቦታውንም ራቁቱን ያስቀራል። ገበያ ላይ ሥር ያለበትን እስር አለመግዛት ተክሉን ማትረፍ ነው።

የሚደርቀው በጥላ ነው። ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት በሰፌድ ወይም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ በየቀኑ ይገላበጣል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቁንጥጫውንና ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት የዘይቱ ክፍሎችም በኖ ይሄዳሉ። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል። ከዚያ በፊት ማሰሮ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ቅጠሉ በእጅ ይረገፋል፤ ተክሉ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ አሸዋው በደንብ በወንፊት መነፋት አለበት።

ለሻይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ስኒ ይበቃል። ውኃው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ተጨምሮ 5 ደቂቃ ይከደናል፤ አብሮ ከተንተከተከ ይመራል። ለሽሮና ለበርበሬ ሳይቆላ፣ ሌላው ቅመም ተቆልቶ ከበረደ በኋላ ይቀላቀላል።

ለሳልና ለጉንፋን መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ዘይቱ ባክቴሪያና ሻጋታን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ለደም ግፊት ይበጃል የሚባለው ግን በአይጦች ላይ የተሞከረ ስለሆነ፣ የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጦስኝ መተካት የለበትም።