አኖሶግኖዚያ ምንድን ነው?

«እኔ ምንም አልሆንኩም! የታመማችሁት እናንተ ናችሁ።» ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ቤቱ ያስታመመ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ጠቡም የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። እናት ክኒንና ውሃ ይዛ ትቀርባለች፣ ልጁ ሊመርዙኝ ነው ብሎ ያስባል፣ ብርጭቆው ይወረወራል፣ ከዚያ እጅ ይነሳል። በማግስቱ ጎረቤት «ፊትሽን ምን ነካው?» ሲላት «በር መታኝ» ትላለች።

አኖሶግኖዚያ የሚባለው የታመመ ሰው መታመሙን ማወቅ ሲያቅተው ነው። ቃሉን ያወጣው ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ ነው፣ በፈረንጆቹ 1914። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ፣ ግን ሽባ መሆናቸውን የማያውቁ ሕሙማን ገጥመውት ነበር። እየዋሹ አልነበረም። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። እልህ ወይም ጥጋብ የሚመስለን ነገር የሕመሙ አካል ነው።

ስለዚህ «አሞሃል፣ እመን» እያሉ መከራከር እሳቱ ላይ ጋዝ መጨመር ነው። እሱ ራሱ በሚያማርርበት ነገር ግቡ፦ «እንቅልፍ እምቢ ብሎሃል፣ ለእንቅልፍህ ሐኪም እንይ።» በየቀኑ በክኒን መጣላት ካለ ደግሞ በወር አንዴ ገደማ የሚወጋ መርፌ እንዳለ ጠይቁ። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት።

አብዛኞቹ ሕሙማን ማንንም አይጎዱም፣ ይህን መድገም አይሰለቸኝም። አደጋው የሚጨምረው መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ጫትና መጠጥ ሲገባበት፣ ጥርጣሬው ሲብስ ነው። ያኔ ዱላው የሚያርፈው አብሮ በሚኖረው ላይ ነው፤ እናት ላይ፣ እህት ላይ፣ ሚስት ላይ። ሌሊቱን ሲንጎራደድ ካደረ፣ ከእጃችሁ ምግብ አልቀበልም ካለ አትከራከሩት። ስለቱን አንሱ፣ ወደ በሩ ጠጋ በሉ፣ ካስፈራችሁ ውጡና ሰው ጥሩ። መውጣት ልጅን መክዳት አይደለም። ረዳት አጥተው በሰንሰለት ያሰሩ ቤተሰቦች አሉ፣ ልወቅሳቸው አልደፍርም፣ ግን ሰንሰለት አያድንም።

ለሐኪሙ ደግሞ እባካችሁ «በር መታኝ» አትበሉ። መቼ እንደመታችሁ፣ በምን እንደመታችሁ፣ ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ንገሩት። ሕክምናውን የሚያስተካክለው ይህን ሲሰማ ነው።